ካርታው ላይ ያልነበረው ስም

ባለፈው ዓመት በጥቅምት፣ የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) አባል የነበሩ አንድ ጎረቤታችን ድንገት ባረፉ በአምስተኛው ቀን፣ ባለቤቴ ከልቅሶ ቤት ተመልሳ ሻርፗን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ እንደቆመች፣ «አንተ ዛሬ ብትሞት ይህ ቤት የማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የልጆቹን የቤት ሥራ እያየሁ ስለነበር ቀና እንኳ ሳልል «ያንቺና የልጆቹ ነዋ፤ የማን ሊሆን ኖሯል?» አልኋት። «የእርሳቸውም ባለቤት እንደዚያው ነበር የሚመስላቸው» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። በኋላ ቡናው ሲፈላ እንደነገረችኝ፣ ሟቹ ልጅ አልነበራቸውም፤ ወላጆቻቸውም ቀድመው አልፈዋል፤ ቤቱ ደግሞ ከጋብቻው በፊት ከአባታቸው የወረሱት ነበርና፣ ወንድሞቻቸው የሰባተኛው ቀን ሰደቃ ሳይደርስ የካርታውን ነገር በለሆሳስ ማንሳት ጀምረዋል። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ቤት የኖሩት ሴት ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

እኔ በደሴ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ በሳምንቱ ለብዙ ዓመታት በዳኝነት ወዳገለገለውና አሁን በጥብቅና ወደሚተዳደረው የአጎቴ ልጅ ቢሮ ሄድሁ፤ ነገሩን ዘርዝሬ ሳልጨርስ «ሚስትህ ወራሽህ እንዳልሆነች ታውቃለህ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን ከመደርደሪያው የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወረደና ያለ ኑዛዜ የሚሞት ሰው ሀብት ለማን እንደሚተላለፍ የሚናገረውን ክፍል አሳየኝ። በመጀመሪያው ደረጃ የሚጠሩት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ልጅ ከሌለ አባትና እናት፣ እነርሱም ቀድመው ከሞቱ በእነርሱ ምትክ የሟቹ ወንድሞችና እህቶች ይገባሉ፤ ከዚያ አያቶች፣ ከዚያም ቅድመ አያቶች እያለ ሕጉ ወደ ላይ ይወጣና ማንም ከሌለ ሀብቱ ለመንግሥት ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር ባነበው ባል ወይም ሚስት የሚል ቃል በዚያ ሰልፍ ውስጥ የለም። አብሮ የኖረ ሰው ከቅድመ አያት ኋላ እንኳ ቦታ ያላገኘበት ሰልፍ መሆኑን ስረዳ፣ ለባለቤቴ የሰጠኋት መልስ አሳፍሮኝ ዝም አልሁ።

የአጎቴ ልጅ ወዲያው ያከለው ነገር ግን ጉዳዩን የሚያቀና ነው። የሚስት ዋስትና ከውርስ ሳይሆን ከጋራ ሀብት ይመነጫል፤ ማለትም ባል ሲሞት በመጀመሪያ የጋራ ሀብቱ ይከፈላል፣ ግማሹ የእርሷ ድርሻ ስለሆነ ከውርሱ ውጭ ይወጣል፣ ውርስ የሚባለው የሟቹ ግማሽና ሟቹ የግል ሀብት ካለው ያ ብቻ ነው። በክልላችን በአማራ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የጸደቀው ሲሆን፣ በዚህ ረገድ መሠረተ ሐሳቡ ከፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ጋር አንድ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በአንጻሩ ከጋብቻ በፊት የተያዘ፣ ወይም በጋብቻ ውስጥም ቢሆን በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ሀብት የግል ሆኖ ይቀጥላል። የጎረቤታችን ባለቤት የወደቁት በዚህኛው በኩል ነው፤ ቤቱን ባደሱበት ገንዘብ ልክ የሚጠይቁት መብት ሊኖር ቢችልም፣ ቤቱ ግን የእርሳቸው አልነበረም።

የሒሳብ አስተማሪነቴን መደበቅ ስለማልችል እንዲህ አስቀመጥሁት። ቤቱ 3,000,000 ብር ያወጣል፣ የቀረው የባንክ ዕዳ 600,000 ብር ነው እንበል፤ ዕዳው ሲነሳ 2,400,000 ብር ይቀራል። ቤቱ የጋራ ከሆነ ሚስት 1,200,000 ብሩን በራሷ መብት ትወስዳለች፣ የቀረው 1,200,000 ብር ለልጆች፣ ልጆች ከሌሉ ለባል ወላጆች ወይም ለእኅት ወንድሞቹ ይሄዳል። ቤቱ የባል የግል ሀብት ከሆነ ግን 2,400,000 ብሩ በሙሉ ወደ ወራሾች ሄዶ የእርሷ ድርሻ ዜሮ ይሆናል። ለተማሪ ቢሰጥ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ስሌት ነው። በእኛ ቤት ግን የትኛውን መሥመር ይዤ ማስላት እንዳለብኝ ራሱ አላውቅም ነበር።

ምክንያቱም የእኛ ቤት ከሁለቱም ወገን ነበረ። ቦታውን ያገኘሁት በ2003 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በተደራጀንበት የመኖሪያ ቤት ሠሪዎች ማኅበር አማካይነት፣ በዝግ ሂሳብ ያጠራቀምነውን ገንዘብ አስይዘን ነው፤ ያን ጊዜ አላገባሁም። ኒካህ ያሰርነው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ግድግዳው የቆመውና ጣራው የለበሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ በእርሷ የነርስነት ደመወዝና በእኔ መምህርነት ነው፤ አልበቃ ሲልም በ2009 ዓ.ም. ከባንክ ተበድረን ጨረስነው። ካርታው ላይ ግን የእኔ ስም ብቻ አለ። እኔ ብሞትና አንድ ወራሽ «ቦታው ከጋብቻ በፊት የተገኘ የወንድሜ የግል ይዞታ ነው» ብሎ ቢነሳ፣ ባለቤቴ የምትከራከርበት በቂ ነገር አላት፤ ነገር ግን መከራከር ይኖርባታል። በሐዘን ላይ ያለች ሴት ሦስት ልጆች ይዛ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ስትመላለስ ማሰብ በራሱ አስጨነቀኝ።

ከዚህ ሁሉ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። የብድር ውሉን ከመሳቢያ አውጥተን ስናነብ በየገጹ ግርጌ የእርሷ ፊርማ አለ። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ የሚሰጠው በሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ስለሆነ፣ ባንኩ ሳትፈርም ገንዘቡን አይለቅም ነበር። ቤቱ በዕዳ ሊሸጥ የሚችልበት ወረቀት ላይ አለች፤ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት ላይ የለችም።

በዚያው ሰሞን ገጠር፣ ተሁለደሬ ወረዳ ወደምትኖረው እናቴ ዘንድ ሄደን ነገሩን አነሳንባት። እማ ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ከሳጥኗ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለውን የእርሻ መሬት ይዞታ ደብተር አውጥታ ከፈተችልን፤ የአባቴና የእርሷ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። የክልሉ የገጠር መሬት ምዝገባ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ የባልና ሚስት ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ስለተደረገ፣ አባቴ በ2006 ዓ.ም. ሲያርፍ ስለ እርሷ ድርሻ ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኛ ከተሜዎቹ፣ ዲግሪ ያለን፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ቪላ ሠራን የምንል ሰዎች ከገጠሬዎቹ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ መቅረታችንን ያየሁት ያን ቀን ነው።

በእኛ በወሎ ነገሩ ተጨማሪ መልክ አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ማዕድ የሚቆርስበት፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም የሚገኙበት አገር ነውና፣ ውርስ ሲነሳ የትኛው ሕግ ይግዛን የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እንደሚፈቅደው፣ ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ከተስማሙ የቤተሰብና የግል ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ አንደኛው ወገን ካልፈቀደ ግን አይቻልም። በሸሪዓው ሚስት ወራሽ ናት፤ ባሏ ልጆች ካሉት አንድ ስምንተኛ፣ ከሌሉት አንድ አራተኛ ይደርሳታል። ነገር ግን የሃይማኖት ልዩነት ውርስን ስለሚከለክል፣ ክርስቲያን የሆነችው የአጎቴ ሚስት በዚያ መንገድ ከአጎቴ አትወርስም፤ ሊያደርግላት የሚችለው ከሀብቱ ከሲሶ በማይበልጠው መናዘዝ ነው። የሠፈራችንን ሸኽ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ ቃል ሁሉንም መንገድ የሚያገናኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ «ውርስ የሚቆጠረው ሟቹ ከነበረው ነው። የእርሷ የሆነውን በሕይወትህ ሳለህ ለይተህ አስቀምጥላት፤ የሰው ገንዘብ አይወረስም» አሉኝ።

አሳቤን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች አቋራጭ ነገሩኝ። አንድ ባልደረባዬ «ሙሉ ውክልና ስጣትና ተገላገል» አለኝ። ይህ በከተማችን እጅግ የተስፋፋ ስሕተት ነው፤ ውክልና የሚያገለግለው ወካዩ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነው፣ ሰውየው በሞተበት ቅጽበት ውክልናውም አብሮት ይሞታል። ሌላው «ሸጥሁላት ብለህ ውል ጻፍ» አለኝ፤ ገንዘብ ያልተከፈለበትን ሽያጭ ሽያጭ ብሎ መጻፍ ለወራሾች ክርክር በር ከመክፈት በቀር የሚረባው የለም። ሦስተኛው መንገድ ኑዛዜ ነው፤ ይህ ከሁለቱ የተሻለ ቢሆንም ሰዎች እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ ከተገኘ ሁለት ይበቃሉ። ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጽፈው ኑዛዜ ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። አባቶቻችን በሞት አልጋ ላይ «ኑዛዜዬ ይህ ነው» ብለው በቃል የሚናገሩትማ፣ ሕጉ የሚቀበለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ነው። የ1952 ዓ.ም. 500 ብር ዛሬም 500 ብር ሆኖ ሕጉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቤት ቀርቶ በር አይገዛም። ከዚህም በላይ ኑዛዜ በማናቸውም ጊዜ ሊሻር ይችላልና፣ ባለቤቴ «ነገ ሐሳብህን ብትለውጥ የማላውቀው ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» አለች፤ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ በሕይወት ሳለን ስሟን ካርታው ላይ ለማስገባት ወሰንን። የአጎቴ ልጅ እዚህ ላይ አንድ ምርጫ አቀረበልን፤ ወይ ግማሹን በስጦታ እንድሰጣት፣ ወይ ቤቱ የጋራ ሀብታችን መሆኑን በሁለታችን ስምምነት እንድናረጋግጥ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ እንደሚደረግ ኑዛዜ ባለ ሥርዓት፣ ማለትም በእነዚያው ምስክሮች ፊት ካልተደረገ ፈራሽ ነው፤ ያንን ማሟላት አያስቸግርም ነበር። እኔ ግን ስጦታ የሚለውን ቃል ጠላሁት። ሲሚንቶውን በጋራ የገዛን፣ በ2010 ክረምት ጣራው ሲያፈስ የወርቅ ሐብሏን ሸጣ ያስጠገነች ሴት የራሷን ቤት ከእኔ በስጦታ የምትቀበልበት ምክንያት አልታየኝም። ስምምነቱን መረጥን። ሆኖም ባልና ሚስት በጋብቻ ላይ ሳሉ እርስ በእርስ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም፤ ይህን ሳያውቁ በግል ወረቀት ተፈራርመው ተዝናንተው የተቀመጡ ስንት ባለትዳሮች አሉ። ዳኛዋ ባለቤቴንም እኔንም ለየብቻ በፈቃዳችን መሆኑን ጠየቁን፤ ለእኔ «ተጽዕኖ ተደርጎብዎታል?» የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ ባለቤቴ ከኋላ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳችን በፊት ግን ባንኩን ማነጋገር ነበረብን፤ ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው ብዙ ይመላለሳል። ዋናው ካርታ በመያዣነት ባንክ ተቀምጧል፤ በይዞታው ላይ መያዣ ስለተመዘገበበት፣ ባንኩ መቃወሚያ እንደሌለው በደብዳቤ ካልገለጸ በስተቀር ስም መጨመርም ሆነ መለወጥ አይቻልም። ባንኩ ደብዳቤውን ለመስጠት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ የፈረመችው በመያዣው መስማማቷን ብቻ ስለነበር፣ አሁን ባለንብረት ከሆነች ተበዳሪም ሆና በማሻሻያ ውል እንድትፈርም። «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ» የሚለው ሐረግ የገባው እዚህ ላይ ነው፤ ትርጉሙ ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከሁለታችን ከፈለገው ሰው ላይ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው፤ ግማሽ ግማሽ ማለት አይደለም። የአጎቴ ልጅ ይህን ሳትረዳ እንዳትፈርም አጥብቆ አስጠነቀቃት። ሁለት ቀን አሰበችበትና «አሁንስ ከደመወዜ እየተከፈለ አይደል?» ብላ ፈረመች። እኔ በበኩሌ ይህ ለሁሉም ሰው ይስማማል ብዬ አልናገርም፤ የራሷ ገቢ የሌላት ሚስት ብትሆን፣ ወይም ዕዳው ከቤቱ ዋጋ የሚስተካከል ቢሆን ኖሮ፣ ባለንብረት ትሁን እንጂ ተበዳሪ አትሁን ብዬ ከባንኩ ጋር እከራከር ነበር።

ሞት ዕዳን አይሰርዝም። ሕጉ የውርስ ሀብት ለወራሾች ከመድረሱ በፊት የቀብር ወጪ፣ የማጣሪያ ወጪና የሟች ዕዳ እንዲከፈል ያዛል፤ ባንክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ክፍያ ከተቋረጠ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የሁለት ሰው ደመወዝ የተመደበበት የወር ክፍያ በአንድ ደመወዝ ሲቀር ስም ብቻውን ቤት አያተርፍም። ለዚህ ያገኘነው መላ ከብድሩ ጋር የተያያዘ የሕይወት መድን ነው፤ ተበዳሪው ከሞተ ቀሪውን ዕዳ መድን ሰጪው ለባንኩ ይከፍላል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ አንደኛ መድኑ በማን ሕይወት ላይ እንደተገባ አረጋግጡ፤ የእኛ በእኔ ላይ ብቻ ስለነበር አሁን በእርሷም ላይ ገብተናል። ሁለተኛ የጤና መጠይቁን በሐቅ ሙሉ፤ እኔ ስኳሬን ጻፍሁ፣ ዓረቦኑ ትንሽ ከፍ አለ፣ ሆኖም የተደበቀ ሕመም ክፍያ የሚያስከለክል ምክንያት ሆኖ ኋላ ከሚመጣ ይሻላል።

ከደረስንባቸው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ፋይላችን ጠፋ ተብሎ አምስት ሳምንት ተመላለስን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ ልጆቹን ይዘን በእግር ወጥተን፣ በታኅሣሥ ስንመለስ ስንቱ ቢሮ ተሰባብሮ፣ ስንቱ ሰነድ ውጭ ተበትኖ እንዳገኘን ስለማውቅ መጀመሪያ አዘንሁላቸው እንጂ አልተቆጣሁም፤ ፋይሉ ከጎረቤት መደርደሪያ ሲገኝ ግን ተቆጣሁ። ያዳነን ባለቤቴ ከዚያ ሽሽት በፊት የእያንዳንዱን ወረቀት ቅጂ አንስታ በከረጢት መያዟ ነው። የጋብቻ ማስረጃም ተጠይቀናል፤ የእኛ የኒካህ ወረቀት ብቻ ስለነበር፣ ዘግይተን ጋብቻችንን በወሳኝ ኩነት አስመዝግበን የምስክር ወረቀት አወጣን። ይህን ለብቻው እንኳ ሌላው ነገር ሁሉ ቢቀር ማድረግ ይገባል፤ ባል ከሞተ በኋላ ጋብቻ ነበረ ብሎ በምስክር ማስረዳት ከሁሉም የከፋ ክርክር ነው።

ከዘመዶቼ ወገን «ነገ ብትፋቱስ?» ያለኝ አልጠፋም። ብንፋታ የጋራ ሀብት ነውና እኩል እንካፈላለን፤ ካርታው ላይ ስሟ ባይኖርም ይኸው ነው። ከሌላ ትዳር ልጆች ያሉት ሰው ግን ይህን ሲያደርግ ልጆቹን ቀድሞ ቢያማክር ደግ ነው፤ ግማሹ ቤት ከውርሱ ሲወጣ የሚቀንሰው የእነርሱ ድርሻ ነውና፣ በቀብር ማግሥት ከሚሰሙት ከአባታቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

አዲሱ ካርታ በሰኔ ወጣ። የሁለታችንም ስምና ፎቶግራፍ አለበት፤ በእጃችን የቆየው ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ባንኩ መያዣ ክፍል ተመለሰ። ለዒድ አል አድሐ ተሁለደሬ ስንሄድ ቅጂውን ይዘንላት ሄድን፤ እማ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። ፎቶ ኮፒው ሁለቱንም ፎቶዎች አጥቁሯቸው ነበር።

«የልጄ ፎቶ የታለ?» አለች ወደ ባለቤቴ እያየች።

«ዋናው ላይ አለ፣ እማ። ዋናው ባንክ ነው ያለው።»

«ባንኩ የእርሷን ፎቶ ምን ያደርግለታል?» አለችና የራሷን ደብተር ከሳጥኑ ልታወጣ ተነሳች።